አንድ አምስተኛ ሰከንድ

ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ በቆመ ሕንፃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የሰዓት ጥገና ሱቅ አለች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት ወይዘሮ ገብታ በመሐረብ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት ከቦርሳዋ አወጣች።

“ጋሼ፣ የአባቴ ነው” አለች። “ዕድሜውን ሙሉ አየር መንገድ ነው የሠራው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ለታናሽ ወንድሜ ልሰጠው ነው። ጭረቱን አጥፍተው፣ ፊቱንም ቀይረው እንደ አዲስ ያድርጉልኝ።”

ሠሪው ሰዓቱን ለመክፈት አልቸኮሉም። መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አድርገው ወደ ደጁ ብርሃን አዘነበሉት። ጥቁር የነበረው ገጽ በብዙ ዘመን ፀሐይ ተመትቶ ወደ ቡና ቀለም ሄዷል። ሦስት ትንንሽ ክቦች አሉበት። በቀኝ ጎኑ፣ ከመሙያው በላይና በታች፣ ሁለት ቁልፎች ተተክለዋል። የላይኛውን ጫን ሲሉት ቀጭኗና ረጅሟ ቆጣሪ ተነሥታ ዙሪያውን መሄድ ጀመረች። ደግመው ሲጫኑት ቆመች። የታችኛውን ሲጫኑ ደግሞ ተስፈንጥራ ወደ መነሻዋ ተመለሰች፤ ግን ልክ 12 ላይ አላረፈችም፣ ፀጉር ታህል አለፍ ብላ ቆመች።

“ልጄ፣ ይሄን ፊት ከቀየርኩት የአባትሽ መሆኑ ይቀራል” አሉ። “ማሽኑን አጥቤ ዘይት ልስጠው፤ ይቺን ቆጣሪም ቦታዋ ልመልሳት። ፊቱን ግን ተይው።”

ሴትዮዋ ቅር አላት። ቅሬታዋ ይገባኛል። እኛ ዘንድ የወላጅ ዕቃ የሚከበረው ታጥቦና ታድሶ ነው፤ የአባት ፎቶ ሲደበዝዝ ስቱዲዮ ወስደን ቀለም እናስቀባዋለን፣ የእናት ሞሰብ ሲያረጅ እናስለብጠዋለን። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች ግን ነገሩን ከሌላ ጎን ነው የሚያዩት። ለእነርሱ ቡናማው ገጽ፣ ጭረቱ፣ በላብ የተበላው ማሰሪያ ሁሉ የሰዓቱ መታወቂያ ነው። በዓለም ገበያ እንዲህ በፀሐይ የተለወጠ ገጽ “ትሮፒካል” ይባላል፤ ጥቁር ሆኖ ከቀረው ወንድሙ በላይ የሚከፈልበትም ጊዜ ብዙ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ገጽ በአንጻሩ ዋጋውን በአንድ ቀን ይጥላል።

ሠሪው የኋላ ክዳኑን ፈቱ። በዱካ ላይ ተቀምጦ ሁሉን በዝምታ ይከታተል የነበረ፣ ጎልማሳነቱን እያጋመሰ ያለ ሰው ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ተጠጋ። የቀድሞ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያና የአሮጌ ሰዓት ሰብሳቢ ነው፤ መኖሪያው ሲኤምሲ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሚመጣው ሊገዛም ሊሸጥም አይደለም፤ ክዳን ሲከፈት ለማየት ነው የሚመጣው። ስልኩን አውጥቶ “አንዴ ይፍቀዱልኝ” አለና የክዳኑን የውስጥ ገጽ ፎቶ አነሣ። በመርፌ ጫፍ የተጫሩ ሦስት ጽሑፎች ይታያሉ፦ “ታኅ. 61”፣ “ሐም. 67”፣ “ግን. 74”። ከመጀመሪያው ጎን አንዲት “ተ” የምትል ፊደል አለች።

ሰዓት ሠሪዎች በየትም አገር ይህን ያደርጋሉ። ሰዓት በጠገኑ ቁጥር ቀኑንና ምልክታቸውን ክዳኑ ውስጥ ይጭራሉ፤ ደንበኛው ተመልሶ “ትናንት ሠርተህልኝ ዛሬ ቆመ” ሲል ማስረጃው እዚያው ነው። በስዊስ ብረት ላይ በኢትዮጵያ ዘመን የተጻፈ “ታኅ. 61” ግን ሌላ ነገርም ይናገራል። ይህ ሰዓት በ1961 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ውስጥ እጅ ላይ ነበር። በአብዮቱ ማግስት፣ በ1967 ክረምት፣ ባለቤቱ ለጥገና ሊከፍልለት የወደደው ሰዓት ነበር። ሰብሳቢው የሚሰበስበው ከሰዓቶቹ ይልቅ እነዚህን ጭረቶች ይመስለኛል፤ ስልኩ ውስጥ የከዘናቸው የክዳን ፎቶዎች መሳቢያው ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ይበዛሉ።

ማሽኑ ሲገለጥ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም በቁልፍ እየተነሣና እየቆመ ያለፈ ጊዜ የሚለካ ሰዓት፣ ከተራ ሰዓት የሚለይበት ነገር በዓይን ይታያል። ሥሩ ላይ እንደ ማንኛውም ሰዓት ሞላው፣ ጥርሶቹና የሚወዛወዘው ጎማ አሉ። በላያቸው ላይ ሌላ ፎቅ ተሠርቷል፤ ክንዶች፣ ቀጫጭን ሞላዎች፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እንደ ትንሽ ግንብ ዙሪያውን ዓምድ የቆመለት ጎማ። ቁልፉን ሲጫኑ ባለዓምዱ ጎማ አንድ እርምጃ ይዞራል። አንዱ ክንድ በዓምዶቹ መካከል ባለው ክፍተት ሲገባ ሌላው ከዓምድ አናት ላይ ይወጣል። በዚያ ቅጽበት ሲሄድ የነበረው ጥርስ ከቆመው ጥርስ ጋር ይገጥምና የመለኪያዋ ቆጣሪ ትነሣለች። ዋናው ሰዓት ይህ ሁሉ ሲሆን አይቆምም፤ ሥራውን ይቀጥላል።

ወደ ዜሮ የምትመልሰው ዕቃ የልብ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ብረት ናት። ቆጣሪዋ የትም ትቁም፣ መዶሻው የብረቷን ጠርዝ ሲመታት ተሽከርክራ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ጎኗን ትሰጠዋለች፤ ቆጣሪዋም አብራ ወደ መነሻዋ ትገባለች። ይህን ዘዴ አዶልፍ ኒኮል የተባለ የስዊስ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1844 በፈጠራ መብት አስመዘገበው፤ ከዚያ ወዲህ የተሻለ አልተገኘም ማለት ይቻላል። የሴትዮዋ ሰዓት ፀጉር ያህል አለፍ ብሎ መቆሙ ከቆጣሪዋ መላላት ነው፤ የልቧ ብረት ደህና ናት። ማሽኑ ቫልዡ 72 የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ ተመርቶ ለሮሌክስም፣ ለሆየርም፣ ስማቸው ለማይጠራ ትንንሽ ድርጅቶችም ሆድ ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስሙ የማይታወቅ ሰዓት ውስጥ ታዋቂው ሰዓት የሚሠራበት ማሽን ሊገኝ ይችላል። ገዢ ክዳን ሳይከፈት ዋጋ አይቁረጥ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ጊዜ ለመለካት ብቻ የተሠራ መሣሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1816 ሲሆን የሠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ሞይኔ ነው፤ የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ ለመለካት ፈልጎ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኒኮላ ሪዩሴክ የፈረስ ውድድር ለመለካት ገጹ ላይ የቀለም ነጠብጣብ የሚጥል ሰዓት ሠራ። በእጅ የሚታሠረው የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሎንጂን እ.ኤ.አ. በ1913 ለእጅ ሰዓት ታስቦ የተሠራ ማሽን አወጣ፤ ብራይትሊንግ በ1934 ሁለተኛውን ቁልፍ ጨመረበትና የዛሬው መልክ ያኔ ተያዘ። የቀረውን የፋብሪካ ታሪክ ለሌላ ጊዜ ልተወውና ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

ቦሌ ከመሬቱ ቀድሞ ከሰማይ የተወለደ ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም.፣ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ ሥራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታ ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጄት ዘመን ሲመጣ የልደታ መንደርደሪያ አጠረ። ቦይንግ 720 ለማሳረፍ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዚያን ጊዜ እርሻና ሜዳ በነበረው ቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ጄቶቹ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ገቡ። ከማረፊያው ወደ ከተማው የተዘረጋው መንገድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠሩት ቪላዎች፣ ቪላዎቹ ውስጥ የገቡት አብራሪዎችና መካኒኮች፣ ይህ ሁሉ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው።

ለእነዚያ ሰዎች ክሮኖግራፍ ጌጥ አልነበረም። ዛሬ ሳተላይት የሚሠራውን ሥራ ያኔ ፍጥነት፣ አቅጣጫና ሰዓት ተባብረው ይሠሩት ነበር። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ፍጥነቱን ያውቃል፣ ኮምፓሱን ያያል፣ የቀረው ስንት ደቂቃ እንደሄደ ማወቅ ነው፤ ሦስቱን ከያዘ የት እንዳለ ይገምታል። አውሮፕላን በሰከንድ ሦስት ዲግሪ ከዞረ በሁለት ደቂቃ ሙሉ ክብ ይሠራል፤ ማረፊያው እስኪለቀቅ በአየር ላይ እየዞረ ሲጠብቅ የሚቆጥረው በዚህ ስሌት ነው። ከሬዲዮ ምልክት ጣቢያ በላይ ሲያልፍ ቁልፉን ይጫናል፣ የተባለውን ያህል ደቂቃ ወደ ውጭ ይበራል፣ ይዞራል፣ ይወርዳል። ተራራ በከበበው የደጋ ማረፊያ ላይ አንድ ደቂቃ መሳሳት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰብሳቢው ይህን ሲናገር እጁ ሳያስበው ቁልፍ እንደሚጫን ይንቀሳቀሳል።

አብራሪ የሚኖረው ደግሞ በሦስት ሰዓት ነው። ዓለም አቀፉ የበረራ ሰዓት 9፡00 ሲል የአዲስ አበባው ይፋ አቆጣጠር 12፡00 ይላል፤ ቤት ያለችው ሚስት ግን ምሳ የምታቀርበው በስድስት ሰዓት ነው። በባለአሥራ ሁለት ሰዓት ገጽ ላይ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አሮጌ አባቶች የሰዓት ቆጣሪውን ጭራ እያዩ ያነብቡ ነበር። ክሮኖግራፍ ግን ይህ ጣጣ የለበትም። እርሱ የሚጠይቀው አሁን ስንት ሰዓት ነው ብሎ ሳይሆን ከተነሣን ምን ያህል ሄደ ብሎ ነው። የእኛ የቀን አቆጣጠርም ከዚህ አይርቅም፤ “ሦስት ሰዓት” ስንል ቀኑ ከጠባ ሦስት ሰዓት ሄዷል ማለታችን ነው። ስለዚህ ነው ይህ መሣሪያ ለኢትዮጵያዊ እጅ እንግዳ አይደለም የምለው።

ሁለተኛው የሰከንድ ሙያ ሩጫ ነው፤ እርሱም መኖሪያውን በዚሁ ወገን አድርጓል። ኃይሌ ገብረሥላሴና ባለቤቱ ያሠሩት ዓለም ሕንፃ ቦሌ መንገድ ላይ ቆሟል። ሲኤምሲ፣ አያትና ለገጣፎ የሯጮች ሰፈር ከሆኑ ቆይተዋል፤ ንጋት ላይ ወደ ሰንዳፋ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ቡድን ቡድን እየሆኑ የሚያልፉትን ያያል። ዛሬ እጃቸው ላይ ያለው ሳተላይት የሚያነብ ዲጂታል ሰዓት ነው። ታሪኩ የተጀመረው ግን በሞላ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ማራቶን አበበ ቢቂላ 2፡21፡23 ገባ። የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን ያኔ የኤሚል ዛቶፔክ 2፡23፡03.2 ነበር። የአበበ ግን ባሕር ጠለል ላይ ሳይሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሮጠ ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው፤ ውጭ ያለው ዓለም ግን ሰው እጅ ውስጥ ያለ ሰዓት ከአፍሪካ ያመጣውን ዜና ልብ አላለውም። ጳጉሜን 5 ቀን፣ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16.2 ሲገባ ልብ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ያሳየኝ ሰብሳቢው ነው። ደብተሩን ገልጦ የሮምን ውጤት፣ የሰከንዱን ክፍል ብቻ፣ በተርታ ጽፎታል፦ አበበ 16.2 ሰከንድ፣ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 41.6፣ ኒውዚላንዳዊው ባሪ ማጊ 18.2። ቀጥሎ ቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፦ አበበ 2፡12፡11.2፣ ቤዚል ሂትሊ 2፡16፡19.2፣ ኮኪቺ ጹቡራያ 2፡16፡22.8። ሜክሲኮ፣ ማሞ ወልዴ፦ 2፡20፡26.4። “ጭራቸውን እይ” አለኝ። ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ስድስት፣ ነጥብ ሁለት፤ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ሁለት፣ ነጥብ ስምንት፤ ነጥብ አራት። ጎዶሎ ቁጥር የለም።

በዚያ ዘመን የነበረ አብዛኛው የክሮኖግራፍ ማሽን በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታል፤ በሰከንድ አምስት ጊዜ ማለት ነው። ቆጣሪዋ እየፈሰሰች የምትሄድ ቢመስልም በሰከንድ አምስት እርምጃ ነው የምትራመደው፤ ልትቆም የምትችለውም በአምስተኛዎቹ ላይ ብቻ ነው። በአሥርዮሽ ሲጻፍ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8። የአበበ የሮም ጭራ ከእንዲህ ዓይነቱ ልኬት ጋር ይገጥማል። ያቺ ነጥብ ሁለት አንዲት የሞላ ምት ትመስላለች። መዝገብ ላይ ለስድሳ ዓመት እያነበብን ያለፍናትን ቁጥር አንድ የአውሮፕላን መካኒክ ሰዓት ከፍቶ ስላየ አነበባት፤ እኔን ከዚህ ዘገባ ሁሉ በላይ የደነቀኝ ይህ ነው።

የቶኪዮው ውድድር ሰብሳቢዎችን የሚስብበት ሌላም ምክንያት አለው። የሮምን ሰዓት ኦሜጋ ይዞ ነበር፤ ቶኪዮ ላይ ኃላፊነቱን የወሰደው የጃፓኑ ሲኮ ነው። ለዚያ ውድድር ከ1,200 በላይ የጊዜ መለኪያ አሰለፈ። በዚያው ዓመት የጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን በእጅ የሚታሠር ክሮኖግራፍ፣ ሲኮ ክራውንን፣ ለገበያ አወጣ። ቁልፉ አንድ ነው፤ አንዴ ሲጫኑት ይነሣል፣ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል፣ ሦስተኛው ይመልሰዋል። ትንንሾቹ ክቦች የሉትም፤ ደቂቃውን የሚያስቆጥረው በእጅ የሚዞረው የገጹ ዙሪያ ቀለበት ነው። ለጃፓናውያን የቶኪዮ ኦሊምፒክ መታሰቢያ ነው። ለእኛ ደግሞ አበበ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ አርባ ቀን ሳይሞላው ሮጦ ሁለተኛ የወጣውን ከአራት ደቂቃ በላይ በቀደመበት ወር የነበረ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሰዓት የሚፈልጉ ሰዎች ሮሌክስ ቢያገኙ አይለውጡትም።

የዚህ መሣሪያ አቅም የሚያልቅበት ቦታም በእኛው ሰው ታሪክ ውስጥ ነው። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ኃይሌ 27፡18.20፣ ፖል ቴርጋት 27፡18.29 ገቡ። ልዩነቱ ከመቶ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ባለአምስተኛ ሰከንድ ክሮኖግራፍ ሁለቱን እኩል ነው የሚላቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውና በሰከንድ አሥር ጊዜ የሚመታው የዜኒት ኤል ፕሪሜሮ እንኳ ትንሿ እርምጃው ከአሥር አንድ ናት፤ የኃይሌ ድል ከእርሷ ታንሳለች። ሁለት ሯጮችን ለመለየት ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት የሰከንድ ቆጣሪ ተደራርበው የሚሄዱበት ውድ ክሮኖግራፍ አለ፤ አንዷ ለመጀመሪያው ትቆማለች፣ ሌላዋ ትቀጥላለች። እርሱም ቢሆን የሰው ጣት ከሚደርስበት አያልፍም።

ገጹ ዙሪያ የተጻፉት ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው። ታኪሜትር ይባላሉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር የፈጀውን ሰከንድ ወደ ፍጥነት ይለውጣሉ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚሄድ ሰው አንዱ የኪሎ ሜትር ምልክት ላይ ቁልፉን ተጭኖ ቀጣዩ ላይ ቢያቆም፣ ቆጣሪዋ 45 ሰከንድ ላይ ከቆመች ያረፈችበት ቁጥር 80 ነው፤ 36 ላይ ከቆመች 100። ሯጭ ግን ከዚህ ሠንጠረዥ ውጭ ነው። በሦስት ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር የሚገፋ ማራቶናዊ ፍጥነቱ 20 ሲሆን፣ የአብዛኛው ሰዓት ጽሑፍ 60 ላይ ያልቃል።

አሁን ስለ ገንዘብ ልናገር፤ ገንዘብ ሳይነሣ ሰዎች ይህን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የጨረታ ድርጅቱ ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ለሽያጭ አቀረበ። ወርቅ ነው፤ ቁጥሩ 2497፣ ገጹ ጥቁር፣ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን ሁኔታ ራሱ የሚያሰላ። ክሮኖግራፍ አይደለም፤ ታላቅ ወንድም የሚባለው ባለክሮኖግራፉ 2499 ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ወገን የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት በመጨረሻው ሰዓት ከጨረታው ወጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ተመልሶ ቀርቦ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ለጎብኚ ክፍት ነው። ሰዓታቸውን ግን የምናየው በጨረታ ካታሎግ ፎቶ ነው።

ያን ዋጋ ያመጣው ወርቁ ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኒውዮርክ ውስጥ የተዋናዩ ፖል ኒውማን የሮሌክስ ዴይቶና ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ማሽን ከሴትዮዋ ሰዓት ማሽን ቤተሰብ ነው። ክዳኑ ላይ ግን ባለቤቱ ጆአን ዉድዋርድ በጥንቃቄ እንዲነዳ የምታሳስብበት አጭር ቃል አስቀርጻለች። የዚያ ሰዓት አምሳያ ሌላ ሰው እጅ ላይ ከተገኘ ዋጋው ወደዚያ አይጠጋም። የማን እንደነበረ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ ከሰዓቱ ጋር ሲሄድ ነው ሰዓቱ ሙሉ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ኪሳራ የሚበዛው። ቦሌና አካባቢው ባሉ የድሮ ቤቶች መሳቢያ ውስጥ የአየር መንገድ ሰው፣ የአየር ኃይል ሰው፣ የክብር ዘበኛ መኮንን፣ ከሶቭየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ መሐንዲስ የነበሩ አባቶች ሰዓት አለ። ከስዊሱ ሌላ ከሞስኮ ፋብሪካ የወጣው ፖልዮትም ይገኛል፤ እርሱም በሁለት ቁልፍና በሁለት ክብ የሚታወቅ ጨዋ ክሮኖግራፍ ነው። ባለቤቱ ሲያርፍ ሰዓቱ ለወንድ ልጅ ይሰጣል፤ ሳጥኑ፣ የዋስትና ወረቀቱና የጥገና ደረሰኙ ግን ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይጣላል። ልጁ ሰዓቱን ወስዶ ያስወለውለዋል፤ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ገጹ እንደገና ይቀባል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ደላላ ይገዛዋል። የማን እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም። ይህ ሲሆን ማየት ያበሳጨኛል፤ ድህነት ያመጣው ሳይሆን አለመጠየቅ ያመጣው ጥፋት ስለሆነ።

ገበያው ላይ ለመግዛት የሚወጣ ሰውም ማወቅ የሚገባው አለ። ቦሌ ውስጥ በየሕንፃው ሥር ክሮኖግራፍ የሚመስል ሰዓት ሞልቷል፤ አብዛኛው በባትሪ የሚሠራ ኮፒ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ትንንሾቹ ክቦች የተሣሉ እንጂ የሚሠሩ አይደሉም። ቆጣሪዋ በሰከንድ አንዴ ብቻ ዘልላ የምትቆም ከሆነ ባትሪ ነው። የሞላ ክሮኖግራፍ ከሆነ አስነሥቶ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የደቂቃው ትንሽ ቆጣሪ ልክ ረጅሟ ዙሯን ስትጨርስ መራመድ አለበት። ከዚያ አቁሞ መመለስ። ሳያቆሙ የታችኛውን ቁልፍ በኃይል መጫን ግን ለዚያ ተብለው ካልተሠሩት በቀር ብዙ ማሽን ያበላሻል፤ ሻጭ ቢቆጣ እውነት አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ጮክ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በጨለማ እንዲያበሩ የሰዓት ቁጥሮች ላይ ይቀባ የነበረው ቀለም ራዲየም አለበት። ዛሬ ስለማያበራ ሞቷል ማለት አይደለም፤ የደከመው አብሮት የተቀላቀለው የሚያበራው ንጥረ ነገር ነው፣ ራዲየሙ ግማሹ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ይፈጃል። መስታወቱ ተዘግቶ እጅ ላይ መሆኑ ያን ያህል አያሰጋም። አደገኛው ገጹን ከፍቶ በምላጭ መፋቅና በአፍ እፍ ማለት ነው። በየጠባብ ሱቁ ያሉ ሠሪዎቻችን ይህን ሲያደርጉ ዓይቻለሁ፤ አቧራው ሳንባ ውስጥ ይገባል። የገርጂው ሠሪ እንዲህ ዓይነት ገጽ ሲመጣላቸው አይፍቁትም፤ ጓንት አድርገው አውልቀው በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ያሽጉታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትሪቲየም የተባለው ቀለም ቀላል ነው፤ የገጹ ግርጌ ላይ “ቲ” የምትለዋ የላቲን ፊደል ትገኝበታለች።

የሠሪዎቹ ቁጥር እያነሰ ነው። የሙያው አምባ ለረጅም ዘመን ፒያሳ ነበረች፤ ከወርቅ ቤቶቹ መካከል በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ማጉያ ዓይናቸው ላይ የሰኩ ሰዎች ያልነበሩበት መንገድ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ተበተኑ። የገርጂው ሠሪ አንዱ ናቸው። ወደዚህ ሲመጡ ያመጡት የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ወረንጦዎቻቸውና ካቻቪቴዎቻቸው፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የማይሠሩ ሰዓቶች ነው። ቆርቆሮው ሀብታቸው ነው። ቫልዡ ከተቋረጠ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፎታልና መለዋወጫ የሚገኘው ከሞተው ለሕያው በመውሰድ ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አስተምረው ነበር፤ ሁለቱም ወደ ሞባይል ጥገና ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ስልክ በቀን አሥር ይመጣል፣ ክሮኖግራፍ በወር አንድ።

ሰብሳቢው በዚህ መሃል ሌላ ሥራ ይዟል። ፎቶ ያነሣቸውን ክዳኖች በደብተር እየመዘገበ ነው፤ የማሽኑ ቁጥር፣ የተጫረው ቀን፣ የሠሪው ምልክት፣ ባለቤቱ ምን ሥራ እንደነበረው፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ስሙ። “ተ” የምትለዋን ፊደል ከሌሎች ክዳኖች ላይም አግኝቷታል፤ የአንድ የፒያሳ ሠሪ እጅ እንደሆነች ያምናል። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚፈልገው ግን የአየር መንገድ ሰዓት አይደለም። በ1952 ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ 2፡21፡23 ሲመዘገብ መስመሩ ላይ የቆሙ ሰዓት ያዦች ነበሩ። የእነርሱን ልጆች እያፈላለገ ነው፤ በአትሌቲክስ ውስጥ ያረጁ ሰዎችን ይጠይቃል፣ ስልክ ቁጥር ይቀበላል፣ ይደውላል። ሲደውል መጀመሪያ ስለ ሩጫው፣ ስለ አባትየው፣ ስለ ጤና ይጠይቃል። በመጨረሻ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “አልገዛም፤ እንዲሸጡልኝም አልጠይቅም። ካለ ክዳኑን ከፍቼ ፎቶ ላንሣው፤ እዚያው ፊትዎ ዘግቼ እመልስልዎታለሁ።”